«እንብላ» ማለት ውሸት አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየተቀባበሉት ነው። እኔም ጋ ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። አንዱ «ልክ ነው፣ እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ጠፍቶ ነበር» ብሎ ላከልኝ። ሌላዋ «አንብበውና ምን እንደምትል ንገረኝ» አለችኝ። ኮምቦልቻ በምሠራበት ቦታም የምሳ ሰዓት ጨዋታ ከሆነ ሰነባብቷል። ባልደረቦቼ ግማሹ ደጋፊ፣ ግማሹ ተቃዋሚ ሆነው ሲከራከሩ እኔ በልቤ መልሱን ሳዘጋጅ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ጸሐፊው ብዕር ያለው ሰው ነው። ማንንም አልሰደበም፤ እኔም በስድብ አልመልስም። መጀመሪያ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

እንዲህ ይላል። ከአያቶቻችን የወረስነው የጨዋነት ልማድ ለዛሬ ኑሮ አይሆንም። ሰላምታችን ረጅም ነው፣ የሥራ ሰዓት ይበላል። «እንብላ»፣ «ጠግቤያለሁ»፣ «በሞቴ» የምንባባለው ሁላችንም የማናምንበት ውሸት ነው። አንቱታና ለትልቅ ሰው ብድግ ማለት የፊውዳል ርዝራዥ ነው፤ ክብር በሥራ እንጂ በዕድሜ መገኘት የለበትም። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በየድግሱ ለየብቻ ማዘጋጀታቸው ልዩነትን ማስጌጥ ነው። ቅሬ (የወሎ እድር) እና ለቅሶ ደመወዝተኛውን ያራቁታል፤ ሸክሙም ዞሮ ዞሮ የሴቶች ነው። የሠለጠነው ዓለም ይህን ሁሉ አራግፎ ነው ወደፊት የተራመደው። ስለዚህ ለልጆቻችን አናውርሰው። ሰው የተሰማውን ይናገር፣ ያልተሰማውን ይተው።

እውነት ያለበት አለ፤ እያየን እንሄዳለን። ግን ገና ከመነሻው አንድ ነገር የሳተ ይመስለኛል። ጨዋነትን የስሜት መግለጫ አድርጎ ነው የወሰደው። ስሜቱ ከሌለ ቃሉ ባዶ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ጨዋነት ይበልጥ የሚያስፈልገን ስሜቱ በሌለን ቀን ነው ባይ ነኝ። የምንወደውን ሰው ለማክበር ደንብ አያስፈልገንም። ደንቡ የሚያስፈልገው ለማናውቀው ሰው፣ ለደከመን ቀን፣ ለተኳረፍነው ጎረቤት ነው።

ከሰላምታው ልነሳ። ይረዝማል፣ አልክድም። ደሴ ፒያሳ ትንሽ ቆሞ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። «እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና? እማማስ? ቤቱ ሰላም ነው?» ይባላል። «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዜር ይመስገን» ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ ከእንደገና «ደህና ነሽ ግን?» ይመጣል። ለባዳ ሰው አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ይመስላል። የሚያውቅ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን «ደህና» ነው የሚጠብቀው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው ሳያስበው ይመልሳል። ድምፁ የሚለወጠው ኋላ ላይ ነው። «ደህና ነን፣ እናቴ ብቻ ትንሽ አሟታል» የሚል ነገር የሚወጣው እዚያ ጋ ነው። ሰው ችግሩን አንዴ ስለተጠየቀ አይዘረግፍም። እንዳላስቸግር ይላል። ደጋግሞ የጠየቀው ሰው ግን ለመስማት ጊዜ እንዳለው አሳይቶታል። ያን ጊዜ ይናገራል። ሰላምታውን ያሳጠርነው ዕለት የሚቀርብን ይህ የመጨረሻው መልስ ነው።

ጸሐፊው የሰጠው የባንክ መስኮት ምሳሌ ግን ትክክል ነው። ከኋላ ሰው ተሰልፎ ሳለ ከገንዘብ ከፋዩ ጋር የዘመድ አዝማድ ሰላምታ መለዋወጥ ደግ ሥራ አይደለም። ከኋላ የቆሙትም ሰዎች ናቸው፤ እነሱንም ማክበር ያስፈልጋል። እዚያ ላይ አንድ «ጤና ይስጥልኝ» ይበቃል። የቀረውን ከመስኮቱ ዞር ብሎ።

ያለ ሰላምታ መኖር ምን እንደሚመስል ደግሞ ሞክረነዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ መጨባበጥ በአዋጅ ተከለከለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም አይቻልም ነበር። ጸሐፊው እንደሚለው ሰላምታ አሰልቺ ግዴታ ከነበረ፣ ያን ጊዜ እፎይ ማለት ነበረብን። የሆነው ሌላ ነው። ሰዉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ክርን ለክርን የሚነካካም ነበር። በሩቁ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚጠያየቅም ነበር። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ወዲያው ሌላ ፈለገ። ማንም አላስገደደውም።

ወደ «እንብላ» ልምጣ። ጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው የወደደው ክፍል ይኸኛው ነው። ክርክሩ ቀላል ነው። ጋባዡ ከልቡ አልጋበዘም፣ ተጋባዡም ርቦት ሳለ «በልቻለሁ» ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ዋሹ።

ውሸት እንዲባል ግን የሚታለል ሰው ያስፈልጋል። እዚህ የተታለለው ማነው? ሁለቱም ደንቡን ያውቁታል። ደንቡ እንዴት እንደሚሠራ ረጋ ብለን እንየው። ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤት ቤት ገባህ እንበል። ሰዎቹ ትሪ ላይ ቀርበዋል። «እንብላ! ና ቅረብ» ይሉሃል። «ይስማማችሁ፣ አሁን ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት» ትላለህ። በዚህ መልስ ለቤቱ እመቤት በር ከፍተህላታል። ሞሰቡ ውስጥ የቀረው እንጀራ ለልጆቹ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሳታፍር «እሺ እንግዲህ፣ ቡና ግን ትጠጣለህ» ብላ ታልፈዋለች። ያለው በቂ ከሆነ ደግሞ «በሞቴ! አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ» ትላለች። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ትለምናለች። ያኔ ምግብ እንዳለ፣ ከልቧም እንደሆነ ታውቃለህ። ትቀርባለህ። እሷ የጎደላትን አልተናገረችም። አንተም መራብህን አልተናገርክም። ሁለታችሁም ሳትዋረዱ የሚበላው በላ፣ የሚቆጥበው ቆጠበ። ጸሐፊው የሚፈልገው ግልጽ ንግግር እዚህ ቤት ምን ይሆን ነበር? «ርቦኛል፣ አላችሁ ወይ?» «ኧረ ለራሳችንም አልበቃን።» እውነት ነው፣ ግልጽ ነው። ድሃ ቤት ላይ ግን ይከብዳል። ይህ ደንብ ለሞላለት ሰው ብዙም አይጠቅም ይሆናል። የሚሸፍነው የጎደለበትን ነው።

ደግሞም ቃሉ አፍ ላይ ብቻ ያለ አለመሆኑን ደሴ አይታለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከቆቦ፣ ከወልዲያ፣ ከመርሳ በጦርነቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶች ሞሉ። ትምህርት ቤት ያልበቃው በየሰው ግቢ ገባ። ለማያውቁት ሰው በራቸውን የከፈቱ፣ ከሌላቸው ላይ ያካፈሉ ብዙ ነበሩ። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። ደሴና ኮምቦልቻም ተፈናቀለ። ያን ጊዜ በመንገዳችን ላይ «ግቡ፣ አረፍ በሉ፣ ያለውን እንብላ» ያሉንን ሰዎች አልረሳቸውም። ሁሉም ሰው ደግ ነበር እያልኩ አይደለም። በችግር የነገደም አልጠፋም። ግን ዕድሜውን ሙሉ ለመንገደኛ «እንብላ» ሲል የኖረ ሰው፣ መንገደኛው የምር ሲመጣበት የሚለው ነገር አይጠፋውም። በሰላሙ ጊዜ የለመደው ቃል በክፉ ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ባዶ ቃል ይህን አይችልም።

አንቱታ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ድረስ ይዞኝ ሄዷል። እዚህ ደሴ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም አለ። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነበር። በድሮ ግብር ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው፤ ሥጋው የሚደርሰውም በማዕረጉ ነው። ለመኳንንት መሬት እስኪነካ እጅ ይነሳ ነበር። ያ ሁሉ ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ሄዷል። የናፈቀው ብዙ ሰው አላውቅም። እኔም አልናፍቀውም።

ነገር ግን ልብ በሉ። ደርግም ይህን የጸሐፊውን ቃል ነበር የሚለው፤ የፊውዳል ርዝራዥ። ሁሉን ሰው «ጓድ» አደረገው። አዋጅ፣ ካድሬ፣ ቀበሌ ሁሉ ከኋላው ነበረ። 1983 ላይ ደርግ ሲወድቅ «ጓድ» አብሮ ጠፋ። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አያ»፣ «እማማ» ግን ማንም ሳያዝ ቀሩ። ደጃዝማችነትና ፊታውራሪነት በሞቱበት አገር «እማማ» ለምን አልሞተም? የተለያየ ሥር ስላላቸው ነው። አንደኛው የሥልጣን ነው። ሌላኛው የሰፈር ነው። ሰፈር ውስጥ አንቱ ለመባል መሬት መያዝ፣ መሾም፣ መማር አያስፈልግም። መቆየት ይበቃል። ጸሐፊው «በሥራ ይገኝ» ይላል። እኔ በሥራ የማይገኝ መሆኑን ነው የምወድለት። ሥራ የፈታ፣ ያልተሳካለት፣ የታመመ ሽማግሌም ያገኘዋል። በሥራ ብቻ የሚሰጥ ክብር ከጡረታ ማግሥት ያበቃል።

የኛ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ጽሑፉም ይህን አልነካውም። አንቱታን አበዛነው ይላል። እኔ አጉድለነዋል እላለሁ። የመሥሪያ ቤት በር ላይ የቆሙትን፣ አባቱ የሚሆኑትን የጥበቃ ሠራተኛ «አንተ፣ በሩን ክፈት» የሚል ወጣት አለ። ሁለት እርምጃ አልፎ ዕድሜ እኩያው ለሆነው ኃላፊ «እርስዎ» ይላል። መናኸሪያ ላይ ሻንጣ የሚያወርዱትን ሽበታም ሰውዬ «ና እስኪ» የሚል አለ። ይህ በደንብ የፊውዳል ነገር ነው። ዕድሜ ሳይሆን ወንበር ነው የሚከበረው። መድኃኒቱ ደግሞ ለኃላፊው የምንሰጠውን መንጠቅ አይመስለኝም። ለጥበቃውም፣ ለተሸካሚውም እንስጥ። ታክሲ ውስጥ ገብተው መቀመጫ ላጡት እናት «ኖር» ብሎ ብድግ የሚል ልጅ ማንንም ንጉሥ አላደረገም። «በእግዜር» ብለው ይቀመጣሉ፣ ይመርቁታል። አለቀ።

አሁን በጣም ወደቆረቆረኝ ልግባ። ጽሑፉ የወሎን ድግስ የጠቀሰበት ቦታ አጭር ነው። ወሎን ከሩቅ ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። እውነት ቢዋደዱ አንድ ላይ ይበሉ ነበር፣ ሁለት ድስት መጣዱ መለያየትን ማስጌጥ ነው ይላል።

የደሴን ድግስ ዋዜማ አይቶ ያውቅ ይሆን? ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ሲድር ጓሮው ውስጥ ሁለት ምድጃ ነበር። በአንዱ በኩል የክርስቲያኑ ይሠራል። በሌላው በኩል የሙስሊሙ። ለሙስሊሙ ወገን በሬውን የባረኩት የሰፈሩ ሙስሊም አባት ናቸው። ድስቱ፣ ቢላው፣ ጭልፋው ከሙስሊም ጎረቤቶች ቤት የመጣ ነው። ወጡን የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። የሙሽራዋ እናት ከሁለቱ ምድጃ መሃል ቆማ ነበር። ከወዲህ ያለ ጭልፋ ወደዚያ እንዳይሻገር እንደ ዘበኛ ስትጠብቅ አመሸች። አንዲት ልጅ ሳታስበው ማማሰያ ይዛ ስትሻገር «ተይ! ተይ! እሱ የነሱ ነው፣ እንዳታበላሺባቸው» ብላ ጮኸች። በማግሥቱ ለጠጪው ጠላ፣ ለማይጠጣው ብርዝና ቀሪቦ ቀረበ። ሙስሊም ጎረቤቶቿ ሲድሩም እንዲሁ ነው። ለክርስቲያን እንግዳ ክርስቲያን ጠርተው ያሳርዳሉ። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ የጾም ወጥ ለብቻ ይሠራል።

ይህቺ ሴት ምን እያደረገች ነው? የእሷ ያልሆነ ሃይማኖት ደንብ እንዳይጣስ ሌሊት ትቆማለች። እሷ ያን ደንብ አታምንበትም። ጎረቤቷ እንደሚያምንበት ግን ታውቃለች፤ ያ ይበቃታል። ወጪው የራሷ ነው። እንግዳው መጥቶ «ይህ ሥጋ የማን ነው?» ብሎ እንዳይሸማቀቅ ቀድማ አስባለታለች። እንግዲህ ጸሐፊው «አንድ ላይ ይብሉ» ሲል አንደኛው ወገን እምነቱን ይተውልኝ ማለቱ ነው። እኔን የማይመስለውን ሰው እንደ እኔ ሁን ብሎ መጋበዝ ቀላል ነው። እንዳለ ተቀብሎ፣ የሚበላውን አውቆ፣ ለየብቻ ደክሞ መጋበዝ ግን ሥራ ነው። በረመዳን ጾመኛ ጎረቤቱ ፊት ውሃ የማይጠጣው ክርስቲያን፣ በዐቢይ ጾም እንግዳ ሲመጣበት ሽሮና ምስር የሚያሠራው ሙስሊም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ደግሞ ስሜት ብቻ አይበቃም። ጭልፋው የማን እንደሆነ፣ ቀኑ ጾም መሆን አለመሆኑን፣ ማን ጠርቶ ማሳረድ እንደሚገባ ማወቅ ይጠይቃል። ትምህርት ነው። አንዱ ትውልድ ካልተማረው ቀጣዩ ከየት ያገኘዋል?

የቅሬና የለቅሶው ወጪ ላይ ብዙ አልከራከርም። ለተዝካር ተብሎ መበደር፣ ለሠርግ ተብሎ መሬት መሸጥ ትክክል አይደለም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥሩ ጽፏል። ይሉኝታ ነው ይህን የሚያመጣው። ይሉኝታ ያለበት ሰው ስለራሱ ስም እየተጨነቀ ነው እንጂ ስለ እንግዳው እያሰበ አይደለም።

ቅሬን ከዚህ ጋር መደባለቁ ግን አልተዋጠልኝም። ቅሬ ድንኳን ነው፣ አግዳሚ ወንበር ነው፣ ድስት ነው፣ መቃብር የሚቆፍር ሰው ነው። በየወሩ በሚወጣ መዋጮ ሰው በሞተበት ቀን እነዚህን ሁሉ ከመፈለግ ይገላግላል። ደመወዝተኛውን ያራቁታል ከመባሉ በፊት፣ ደመወዝተኛው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስንት ያወጣ እንደነበር ቢሰላ ጥሩ ነበር። ከዘመኑ ጋር አይሄድም መባሉም ልክ አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት በዝቷል። ቀን ለቅሶ መድረስ አይችልም። ምን ተደረገ? ማታ ይደርሳል። ወይም በእረፍቱ ቀን ይሄዳል። መዋጮውን በቴሌብር ይልካል። ከሩቅ ወረዳ መጥተው ቤት የተጋሩ ልጆች አንዷ ሐዘን ሲገጥማት ሌሎቹ ፈረቃ ተቀያይረው አብረዋት ያድራሉ። ልማዱ ራሱን ከሰዓቱ ጋር ሲያስማማ በዓይናችን እያየን ነው።

«የተሰማህን ብቻ ተናገር» የሚለው ምክር የሚፈርሰውም ድንኳን ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባህ አባቷ ሞቱ። አይተሃቸው አታውቅም። እውነቱን ከተናገርን ምንም አልተሰማህም። በጸሐፊው ምክር ቤትህ ትቀራለህ። በልማዱ ግን ትሄዳለህ። ስትገባ «እግዜር ያጽናሽ» ትላለህ፣ ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ»። ሌላ ንግግር ማንም አይጠብቅብህም። ቁጭ ትላለህ። ንፍሮ ይዞራል። አጠገብህ ያሉት ሰውዬ ስለ ሟቹ ያወራሉ፤ እንዴት እንደነበሩ፣ ማንን እንዳሳደጉ። ከተቀመጥክ በኋላ ነው የሚሰማህ። ለእሷ ደግሞ መምጣትህ ራሱ ነገር ነው። ምን እንደተሰማህ አትጠይቅህም። ከሳምንታት በኋላ ግን ማን እንደመጣ ታስታውሳለች።

የሴቶቹን ሸክም በተመለከተ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ላለሳልሰው አልፈልግም። ቡናው፣ ወጡ፣ ድስት ማጠቡ፣ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫ መነሳቱ በእነሱ ላይ ወድቋል። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ጭስ ይበላቸዋል። ይህን «ባህላችን ነው» ብሎ መከላከል አይቻልም። ግን ከዚህ ተነስቶ ቡናውን እንተው ማለት አይከተልም። ወንዱ ልጅ ያፍላ። ስኒ ያጥብ። እጅ ያስታጥብ። እኔ ቤት ያደጉ ወንድ ልጆች ቡና ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ያቀርባሉ፤ እስካሁን ማንም በረካውን አልጠጣም ያለ እንግዳ አላየሁም።

የሠለጠነውን ዓለም ጉዳይ በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፣ ምክንያቱም መረጃው ራሱ ልክ አይደለም። ጃፓን ውስጥ የሥራ ካርድ በሁለት እጅ ተሰጥቶ በሁለት እጅ ይወሰዳል፤ ሰው ለሰው ጎንበስ ይላል። ኬይጎ የሚባል የአክብሮት አነጋገር አላቸው። ኩባንያዎች አዲስ የሚቀጥሩትን ወጣት ይህንኑ ያሠለጥኑታል። ኮሪያ ውስጥ ለታላቅ ሰው ሲቀዳ ሁለት እጅ ነው። ጀርመን ውስጥ የማይታወቅ ሰው ዛሬም «ዚ» ይባላል፣ ፈረንሳይ ውስጥ «ቩ»፤ የእነሱ አንቱታ ነው። ፋብሪካቸውን ያስቆመባቸው ነገር የለም። ጸሐፊው ሊጠቅስ የሚችላቸው ሌሎች አገሮች ይኖራሉ። ግን ጨዋነት ሲቀር ነው ልማት የሚመጣው ለማለት ጃፓንን መዝለል ያስፈልገዋል።

የቀረው የመጨረሻው ምክሩ ነው፤ ያልተሰማህን አትበል የሚለው። እዚህ ላይ አንድ የማውቀውን ልጅ ላንሳ። ከሌላ ክልል በሥራ ወደ ኮምቦልቻ የመጣ መሐንዲስ ነው። ያከራዩት እናት ሙስሊም ናቸው። እሑድ እሑድ ቡና ይጠሩታል። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ስኒ ጠጥቶ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሳ ነበር። ቡና ሦስት መሆኑን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዳለው፣ ምርቃቱ መጨረሻ ላይ መሆኑን አያውቅም። እሳቸውም ምንም አላሉትም። አንድ ቀን ብቻ ሲነሳ እጁን ይዘው «በረካውን ሳትጠጣማ አትሄድም» አሉት። ተቀመጠ። ሦስተኛው ስኒ ሲያልቅ ሁሉም እጁን ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። እሳቸው ዱአ ጀመሩ። ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለአገሩ። ከዚያ «ይህንንም ልጅ እናቱ ጋ በሰላም መልሰው» አሉ። «አሚን» ተባለ። እሱ የሌላ ሃይማኖት ልጅ ነው። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ጎረምሳው የልጅ ልጃቸው በክርኑ ጎሸም አድርጎ መዳፉን አሳየው። እሱም ዘረጋ። «አሚን» አለ።

ያን ቀን ምን ተሰማህ ብዬ ጠይቄው ነበር። «እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ግራ መጋባት ብቻ» አለኝ። አሁን ግን የሚነሳው ምርቃቱን ተቀብሎ ነው። መንገድ ሲሄድ «ልሂድ፣ መርቁኝ» ብሎ በራቸው ላይ ይቆማል። እናቱ ስትደውል ስለሳቸው ትጠይቀዋለች። እሳቸውም ስለ እናቱ ይጠይቁታል። ተያይተው አያውቁም። በጸሐፊው ምክር ቢሄድ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ እውነቱን ተናግሮ፣ አንዱን ስኒ አስቀምጦ ወጥቶ ነበር። ሐቀኛ ይሆን ነበር። ሴትዮዋን ግን አያውቃቸውም ነበር።

ለልጆቻችን አናውርሰው ለሚለው የእኔ መልስ እንግዲህ ግልጽ ነው። እኔ አወርሳለሁ። እንዳለ ግን አይደለም። ለድግስ ብድር የለም። ወንዱም ሴቷም ያፈላሉ፣ ያስታጥባሉ። የጥበቃ ሠራተኛው አንቱ ናቸው። ወረፋ ላይ ሰላምታው ያጥራል። ከዚህ በተረፈ ለገባው «ኖር»፣ ለሚያልፈው «እንብላ»፣ ላስነጠሰው «ይማርህ»፣ ለሐዘንተኛው መቀመጥ፣ ለጎረቤት የተለየ ድስት እንዳለ ይቀጥላል። ጸሐፊው ከነዚህ የትኛው ይቅር እንደሚል፣ በምትኩስ ምን እንደሚያስቀምጥ ቢጽፍልን ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፉ ላይ ያጣሁት ይህን ነው።